ድሪቶ ነው ብርድ ልብስ? ብጣሽ ጨርቅ በየትኛው አሰፋፍ ይሻላል

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። ሱሉልታ የሚኖር ሰው የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ያውቀዋል። ከእንጦጦ ማዶ ነን፤ ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ማለዳ ልምምድ የሚወጡት ሯጮች እንኳ ጃኬት ደርበው ነው የሚያልፉት። አንድ ብርድ ልብስ አያሞቅም። ሁለተኛ ልግዛ ሲባል ደግሞ ዋጋው ራሱ ያንቀጠቅጣል።

ሰፈራችን ያሉት ልብስ ሰፊ በር ላይ ሁልጊዜ ብጣሽ የሞላ ማዳበሪያ ተቀምጦ አያለሁ። አንድ ቀን ገባሁና፦

«ጋሼ፣ ይሄን ልውሰደው?»

«ምን ልታደርጊው ነው ልጄ? ለትራስ?»

«ብርድ ልብስ ልሰፋበት።»

ሳቁብኝ። «ድሪቶ በይኛ!»

እውነታቸውን ነው። ጨርቅ በጨርቅ ላይ የተለጣጠፈበት ነገር እኛ ጋ ስሙ ድሪቶ ነው፤ የችግር ልብስ ነው። ልዩነቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። ድሪቶ ቀዳዳ በተገኘበት ቦታ ይለጠፋል። እኔ የምላችሁ ግን ብጣሹ በመጀመሪያ ጥብጣብ ሆኖ ይቆረጣል፤ ጥብጣቦቹ ተጋጥመው እኩል እኩል ካሬ ይሆናሉ፤ ካሬዎቹ ደግሞ ተያይዘው የብርድ ልብሱ ፊት ይሆናሉ። ጥብጣብን ካሬ የማድረጊያው መንገድ ብዙ መሆኑ ነው ሰውን ግራ የሚያጋባው። ዩቲዩብ ላይ ሁሉም ቀላል ይመስላል። እኔም ከሁሉም የሚያምረውን መርጬ ገባሁበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ እጄ ላይ የነበሩት እርስ በርስ የማይገጥሙ ስድስት ካሬዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ አራቱን አሰፋፎች ጎን ለጎን ሞከርኳቸው።

ከፎቶው በፊት መስፈርቱ

በመጀመሪያ ማዳበሪያችሁን ዘርግፉት። ብጣሹ ረጅምና ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ፣ አጭር፣ የተንሻፈፈ? ለእኔ ትልቁ መስፈርት ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ሁለተኛው ስህተትን መቻል ነው። የስፌት ትርፋችሁ (ከስፌቱ እስከ ጨርቁ ዳር ያለው) በአንድ ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ከሁለቱም ጨርቅ ስለሚበላ በአንድ ስፌት ሁለት ሚሊ ሜትር ይጠፋል። አምስት ስፌት ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው። አንዳንዱ አሰፋፍ ይህን ስህተት በመጨረሻ አስተካክሎ ይሸፍንላችኋል። አንዳንዱ ግን ያጋልጣችኋል።

ሦስተኛው ካውያ ነው። ጥብጣብ በተያያዘ ቁጥር ስፌቱ መተኮስ አለበት። መብራት እንደፈለገ በሚሄድበት ሰፈር ይሄ ቀልድ አይደለም። ማሽኑ በእግር የሚረገጥ ከሆነ መብራት አያስፈልገውም፤ ካውያው ግን ያስፈልገዋል። የከሰል ካውያ ያላችሁ ትችላላችሁ፤ ግን ነጭ ጨርቅ ላይ አመድ እንዳያራግፍባችሁ ከላይ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጉ።

የጨርቁና የክሩ መጠን፣ ከዚያም ሙቀቱ ይቀጥላሉ።

ንጽጽሩ እኩል እንዲሆን ሁሉንም በአንድ ልክ ሠራኋቸው። ያለቀ ካሬ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ነው። የስፌት ትርፉ 7 ተኩል ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ገና ያልተያያዘው ካሬ 31.5 በ31.5 ይሆናል። ጥብጣቡ 6.5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይቆረጥና ሲሰፋ 5 ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለ 35 ካሬ፣ አምስት በሰባት ሲደረደር፣ 150 በ210 ሳንቲ ሜትር ይወጣዋል። ለሜትር ከሃያ አልጋ ይበቃል።

ስሞቹን በአማርኛ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ቪዲዮ ለምትፈልጉ የውጪ መጠሪያቸውንም አብሬ እጽፋለሁ።

ቀጥ ያለ መደዳ (ሬይል ፌንስ)

ስድስት ጥብጣብ ጎን ለጎን፣ አምስት ስፌት፣ አለቀ። ከዚህ የቀለለ የለም። እኔ በእግር ማሽን አንዱን ካሬ በ20 ደቂቃ አካባቢ እጨርሰዋለሁ።

ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። ስፌቱን ሁሉ ከአንድ ጫፍ ብቻ እየጀመራችሁ ከሰፋችሁ ካሬው እንደ ቀስት ይጎብጣል። አንዱን ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች ጀምሩ። ሌላው፣ ጥብጣቡን ከ31.5 ትንሽ አስረዝማችሁ ቁረጡት፤ ርዝመቱን የምታስተካክሉት ስድስቱ ተያይዘው ስፋቱ ከተለካ በኋላ ነው። ስፋቱ 31 ከወጣ ርዝመቱንም 31 አድርጉት። ሁሉም ካሬ 31 እስከሆነ ድረስ ማንም አያውቅባችሁም።

ካሬዎቹን ስትደረድሩ አንዱን ቁም፣ ቀጣዩን አግድም አድርጉ። የአንዱ ጥብጣብ ጫፍ የሌላው ጎን ላይ ስለሚያርፍ ስፌት ከስፌት ማጋጠም የሚባል ጣጣ የለም። ጉድለቱ፣ ቢያንስ 32 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጥብጣብ ይፈልጋል። ከልብስ ሰፊ ማዳበሪያ እንዲህ ያለው እንደልብ አይገኝም። ከሰልባጅ ሸሚዝ ግን ይገኛል። አንድ ትልቅ የወንድ ሸሚዝ ከጀርባው፣ ከፊቱና ከእጅጌው ከ30 በላይ ጥብጣብ ይሰጣል፤ ለ35 ካሬ የሚያስፈልገው 210 ነው። ሰባት ሸሚዝ ማለት ነው።

ዙሪያ ገጠም (ሎግ ካቢን)

መሃል ላይ 11.5 ሳንቲ ሜትር ካሬ ይቀመጣል። ከዚያ ጥብጣብ በዙሪያው እየዞረ ይገጠማል፤ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ። ሁለት ዙር ሲሞላ ስምንት ጥብጣብ ይሆናል። የመጀመሪያው 11.5 ነው፣ የመጨረሻው 31.5። ግን ቀድሞ መለካት አያስፈልግም። ረጅሙን ጥብጣብ ትገጥማላችሁ፣ ትሰፋላችሁ፣ የተረፈውን በመቀስ ትቆርጣላችሁ።

የውጪ ስሙ «የግንድ ቤት» እንደማለት ነው። በአሜሪካኖቹ ልማድ መሃሉ ቀይ የሚደረገው የምድጃ እሳት ምሳሌ ሆኖ ነው ይባላል። ለኛ አዲስ አይደለም፤ የጎጆ ምድጃ ሁልጊዜም መሃል ነው።

ይህን አሰፋፍ የምወደው ስህተትን ስለሚታገስ ነው። እያንዳንዱ ዙር ሲያልቅ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ማዕዘኑን ታቃናላችሁ። የተጣመመ ነገር ወደ ቀጣዩ ዙር አይተላለፍም። አጫጭሩ ብጣሽም ሥራ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ዙር 11፣ 16፣ 21 ሳንቲ ሜትር ነው የሚጠይቀው።

ውበቱ ያለው ቀለሙ ላይ ሳይሆን ድምቀቱና ድብዝዝነቱ ላይ ነው። ተከታታይ ሁለት ጎኖች ፈዘዝ ያለ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ጠቆር ያለ ጨርቅ ከሆኑ ካሬው በሰያፍ ለሁለት የተከፈለ ይመስላል። ካሬዎቹን እያዟዟራችሁ ብትደረድሩ የተለያየ ቅርጽ ይወጣል። የትኛው ጨርቅ ጠቆር እንደሚል ለመለየት ዓይናችሁን አትመኑ። ደርድሩና በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጉት። እኔ ደማቅ ያልኩት ቀይና ጥቁር ያልኩት አረንጓዴ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ቁጭ አሉ።

ካውያ ግን ይበላል። ስምንት ስፌት፣ ስምንት ጊዜ መነሳት። መብራት ከሌለ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አድርጋችሁ በአውራ ጣት ጥፍር ስፌቱን እየተጫናችሁ ሂዱ። ጥጥ ከሆነ ይታጠፋል።

ዳማ (ቼከርቦርድ)

እኔን ያታለለኝ ይሄ ነው።

ሐሳቡ ብልጥ ነው። ጠቆር፣ ነጣ፣ ጠቆር፣ ነጣ እያደረጋችሁ ስድስት ጥብጣብ ታያይዛላችሁ። ከዚያ የተያያዘውን አግድም በየ6.5 ሳንቲ ሜትር ትቆርጡታላችሁ። አንዱን ቁራጭ ትታችሁ ቀጣዩን ገልብጣችሁ መልሳችሁ ስትሰፉት 36 ትንንሽ ካሬ ያለው የዳማ ገበታ ይወጣል። አንድ በአንድ ሳይቆረጥ፣ ሳይለካ። (የጥብጣቡ ብዛት ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ፣ ማለትም አምስት ወይ ሰባት ከሆነ፣ መገልበጡ ምንም አይለውጥም፤ ያው ራሱ ነው የሚመጣው። ይህንን የተማርኩት አምስት ጥብጣብ ካበላሸሁ በኋላ ነው።)

ችግሩ መጋጠሚያው ነው። በአንድ ካሬ ውስጥ አራት ማዕዘን የሚገናኙበት 25 ነጥብ አለ። ሃያ አምስቱም መግጠም አለባቸው። አንዷ በሁለት ሚሊ ሜትር ብትስት ዓይን ሌላ ነገር አያይም፤ እሷን ብቻ ነው የሚያየው። መፍትሔ አለው፦ የአንዱን ቁራጭ ትርፍ ወደ ግራ፣ የቀጣዩን ወደ ቀኝ ተኩሱት። ሁለቱን ፊት ለፊት ስትገጥሙ የትርፎቹ ጉብታ እርስ በርሱ ይቆላለፋል፤ በጣት ሲነካ ቁልፉ ይሰማል። እዚያ ላይ ስፒል ሰክታችሁ ስፉ። ያለ ጥሩ ካውያ ይህ አይሆንም። ለዚህ ነው ዳማ መብራት ለሚጠፋበት ቤት አይደለም የምለው።

ክሩም ብዙ ነው። በአንድ ካሬ ውስጥ ያለው ስፌት ሦስት ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ከቀጥ ያለ መደዳ ከእጥፍ በላይ። ማሽን ከላይና ከታች ስለሚሰፋ የሚሄደው ክር የስፌቱን ርዝመት ሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ነው። ለ35 ካሬ ከ300 ሜትር በላይ ክር ማለት ነው፤ ካሬዎቹን እርስ በርስ ማያያዣው ሳይቆጠር።

ዳማ ካላደረግኩ የምትሉ በትልልቁ ጀምሩ። ጥብጣቡን 11.5 ሳንቲ ሜትር ቁረጡትና ሦስት በሦስት አድርጉት። መጋጠሚያው ከ25 ወደ አራት ይወርዳል። እዚህ ላይ ግን ሦስት ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ መገልበጥ አይሠራም፤ ጠቆር-ነጣ-ጠቆር የሆነና ነጣ-ጠቆር-ነጣ የሆነ ሁለት ዓይነት ማያያዝ ያስፈልጋችኋል።

ሰያፍ በገበር (ስትሪንግ)

ያ የጋሼ ማዳበሪያ ጌታውን ያገኘው እዚህ ነው። ጠባብ፣ ሰፊ፣ አንድ ጫፉ የቀጠነ፣ ሁሉም ይገባል።

አሠራሩን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ካረጀ አንሶላ 33 በ33 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገበር ቁረጡ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሳሙና ስባሪ መስመር አስምሩ። ረጅሙን ጥብጣብ መልኩን (የሚታየውን ፊቱን) ወደ ላይ አድርጋችሁ መስመሩ ላይ አጋድሙት። ሁለተኛውን በላዩ ላይ፣ መልክ ለመልክ ተያይተው፣ ዳር ለዳር ገጥማችሁ አስቀምጡት። ከገበሩ ጋር አብራችሁ ስፉት። ከዚያ ሁለተኛውን ገልጣችሁ ዘርጉትና በጥፍር ወይም በካውያ ተጫኑት። ሦስተኛውን በሁለተኛው ላይ። እንዲህ እያላችሁ አንዱ ማዕዘን እስኪሸፈን። ከዚያ ተመልሳችሁ ከመሃል ወደ ሌላው ማዕዘን። በመጨረሻ ገልብጡትና ከገበሩ በኩል 31.5 በ31.5 አድርጋችሁ ዙሪያውን ቁረጡት።

ይኸው ነው። ጥብጣቡ ተንሻፎ ቢሰፋም ችግር የለውም፤ መቀሱ በመጨረሻ ሁሉንም እኩል ያደርጋል። ጨርቅ በሰያፍ ሲቆረጥ ይለጠጣል፤ እዚህ ግን ገበሩ ይዞ ያቆመዋል። በዚያ ላይ አንድ ንብርብር ስለሚጨምር ይሞቃል። ለሱሉልታ ብርድ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

በገበር ፋንታ ወረቀት ላይ ሰፍቶ በኋላ መቅደድም አለ። አሜሪካኖቹ በችግራቸው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ አሮጌ ጋዜጣ ይጠቀሙ ነበር። እኔም ሞከርኩት። የጋዜጣው ቀለም ነጭ ፖፕሊኔ ላይ ታተመ። አንሶላ ይሻላችኋል።

ጉድለቱን ልደብቅ አይገባም። ብጣሽ ይበላል። ሦስት ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥብጣብ ግማሹ ስፌት ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ከዚያ በታች የሆነውን ለትራስ ተዉት። ክብደትም አለው። እርጥብ ሆኖ ገመድ ላይ ሲሰቀል ገመዱን ያጎብጠዋል።

ጎን ለጎን

| | ቀጥ ያለ መደዳ | ዙሪያ ገጠም | ዳማ (6 በ6) | ሰያፍ በገበር |
|---|---|---|---|---|
| የሚፈልገው ጥብጣብ | እኩል ስፋት፣ ከ32 ሳ.ሜ. በላይ | እኩል ስፋት፣ አጭርም ረጅምም | በጣም እኩል፣ ረጅም | የተገኘው ሁሉ |
| ስፌት በአንድ ካሬ | 5 (1.6 ሜ.) | 8 (1.7 ሜ.) | 10 (3.5 ሜ.) | 10 ገደማ (2.5 ሜ.) |
| ጨርቅ ለ35 ካሬ፣ በ150 ሳ.ሜ. ስፋት | 3 ሜ. ከሩብ ገደማ | 3 ሜ. ከሩብ ገደማ | ወደ 4 ሜ. | ብጣሽና ሁለት አሮጌ አንሶላ |
| ስህተትን መቻል | ደህና | ጥሩ | የለውም | በጣም ጥሩ |
| ያለ ካውያ | ይቻላል | ይከብዳል | አይሞከርም | ይቻላል |
| ሙቀት | መካከለኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | ከፍ ያለ |

ማን የቱን ይያዝ

ገንዘብ የለም፣ ብርዱ ግን አለ ለሚል ሰያፍ በገበር ነው። ክርና መርፌ ካላችሁ ሌላው በልመና ይገኛል። ልብስ ሰፊዎች ብጣሽን ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጣሉ፤ ከበዓል በፊት ባሉት ሳምንታት ሂዱ፤ ያኔ ነው ማዳበሪያው የሚሞላው።

ትንሽ ገንዘብ ላለውና ማሽን ገና ለሚለምድ፣ ሰልባጅ ሸሚዝና ቀጥ ያለ መደዳ። ለሕፃን ከሆነ ዘጠኝ ካሬ ብቻ፣ 90 በ90፣ ቅዳሜና እሑድ ያልቃል።

ለስጦታ ወይም ለመሸጥ የምታስቡ ዙሪያ ገጠምን ያዙ። ከልፋቱ በላይ ያምራል። ለዚህ ግን ጨርቁን በሜትር ከመርካቶ መግዛት ሳይሻል አይቀርም፤ ጠቆርና ነጣ ያለውን ለይቶ መምረጥ ይቻላል። ዳማ? ጥሩ ካውያ፣ የማይጠፋ መብራትና የተረጋጋ መንፈስ ላለው።

ጨርቁን በተመለከተ

ጥጥ ነው ያሉኝን ገዝቼ ካውያ ላይ ሲጣበቅ ያየሁ ሰው ነኝ። አሁን ዳሩን ጥቂት ክር ነቅዬ በክብሪት አያለሁ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ይሆናል። ቴትሮን ይቀልጥና ጠጣር ፍሬ ሆኖ ይቀራል። የተቀላቀለው ሁለቱንም ያደርጋል። ፖፕሊንና አቡጀዲ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ናቸው። ጂንስና ካኪ ወፍራም ስለሆኑ ለብቻቸው ይሰፉ። ጀርሲን ተዉት፤ ይለጠጥና ካሬውን ያወዛውዘዋል። የሽሮ ሜዳ ሸማ ቁራጭ ያላችሁ፣ ሸማ ሣሣ ተደርጎ ስለሚሠራ ዳሩ ቶሎ ይተረተራል፤ የግድ ከገበር ጋር፣ ትርፉንም ሰፋ አድርጉት። ቀይ ነገር ካለ ሳይቆረጥ በፊት ለብቻው ይታጠብ።

ስለ ድሪቶው ጉዳይ፦ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። የዚያ መንደር ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ ጭምር የሰፏቸው ብርድ ልብሶች እ.ኤ.አ. በ2002 ሂውስተን በሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ ቀርበዋል። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ወጥተዋል። ይህንን ለጋሼ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ስልኬ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አዩ። «ስፌቱ ግን ቀጥ አላለም» አሉኝ። ማዳበሪያውን ግን ከዚያ ወዲህ ለኔ ያስቀምጡልኛል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ከመርፌው በስተቀኝ 7 ተኩል ሚሊ ሜትር ለክታችሁ ማሽኑ ላይ ፕላስተር ለጥፉ፤ የጨርቁ ዳር ያንን እየታከከ ይሂድ። ከማይረባ ጨርቅ ስድስት ጥብጣብ አያይዛችሁ ስፋቱን ለኩ። 31.5 ከመጣ ቀጥሉ። ካነሰ ፕላስተሩን በትንሹ ወደ መርፌው አስጠጉት፣ ከበለጠ አርቁት፣ እንደገና ሞክሩ።